በእኔ ጭቃ ላይ የዘይነባ እጅ

ሰሞኑን ልጄ ሐና ሱዳን ውስጥ የምንኖርባትን የዶካን ትምህርት ቤት መሰላል ላይ ቆማ ስትመርግ አየኋት። የልጅነት ጓደኛዬ ዘይነባ ከታች መሰላሉን ይዛ «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ!» ትላታለች። የኔ ልጅ! ማን አምጦ ማን ይጠራል?

ትምህርት ቤቱን የሠሩት ባሽ መሃንዲስ ነበሩ፤ ሱዳኖች መሃንዲስን ሲያከብሩ እንደዚያ ነው የሚሉት። እናታቸው የመተማ ሰው ስለነበሩ አማርኛ ይሰባብሩ ነበር። ከመሞታቸው በፊት ገዳሪፍ ከተማ ያለውን ቤታቸውን ወቅፍ፣ የማይሸጥ የማይለወጥ የበጎ ሥራ ስጦታ፣ አደረጉት፤ የሠሯቸው የጭቃ ቤቶች ዝናብ ሳይገባ በየዓመቱ በኪራዩ እንዲመረጉ። ጭቃ ቤት ካልመረጉት አንድ ክረምት ይበላዋል። ወቅፉን የምታስተዳድረው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ዘይነባ። አሁን ደግሞ «ሐናን ገዳሪፍ ልውሰዳት፣ ሙያውን ላስይዛት» ትለኛለች። በዚህ በጦርነት ዘመን፣ በዚያ መንገድ፣ አንዲት ልጄን!

ልጃገረዶች ሳለን ከድንበሩ፣ ከፋሽጋ የሰሊጥ አጨዳ አብረን መጥተን እዚሁ ትምህርት ቤት ግንባታ ላይ ቀን ሥራ ገባን። እሷ ውሃ ታቀብላለች፣ እኔ ጭቃ እረግጣለሁ። ጭቃ መርገጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ጭዱና እበቱ እስኪዋሐድ ፀሐዩ አናት ያቀልጣል፣ የጋላባት ሎሪ ባለፈ ቁጥር አቧራው አፍ ውስጥ ይገባል። ምሳ ላይ ፉል ስንበላ ዘይነባ ጭቃ የለበሰ እግሬን እያየች «ራቅ በይ አንቺ በሬ!» ብላ ታስቅብኝ ነበር።

ሥራው ያለቀ ዕለት ባሽ መሃንዲስ በሩ አጠገብ እርጥቡ ምርጊት ላይ መዳፋቸውን አተሙና ወደኛ ዞር አሉ። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ።

«ዘይነባ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ነይ» አሉ።

መዳፏን ከመዳፋቸው አጠገብ አሳረፈች። ሰው አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ጭቃው የኔ፣ እጁ የሷ! የዚያን ቀን የታደለው ሃብሃብ ለሌላው ማር ነበር፤ ለኔ እሬት።

ዛሬ የእጇ ምልክት የለም፤ በየዓመቱ የሚመረገው ምርጊት ውጦታል። የኔን ቅናት ግን ማን ይመርግልኝ?

ሐና የቆመችበት መሰላል ዘንድ ሄጄ ዘይነባን «ልቀቂ፣ እኔ እይዛለሁ» ብዬ መሰላሉን ከእጇ ነጠቅኋት።

«ታዲያ ልጅቷ ትሂድ አትሂድ? ቁርጡን ንገሪኝ» አለችኝ ዘይነባ።

«እማዬ፣ በሞቴ እሺ በያት» አለች ሐና ከላይ።

ቀና ብዬ አየኋት። እስከ ክንዷ ጭቃ ሆናለች፤ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ።

«ወቅፋችሁ ጭቃ ረጋጭ አይፈልግም?» አልኳት ዘይነባን።

«በሬ ብናገኝ ደስ ይለናል!» ብላ ተንከተከተች።

«እንግዲያው ሁለታችንንም ውሰጅ። ልጄን ብቻዋን አልሰጥሽም።»

ቀልድ መስሏታል። እኔ ይኸው ጓዜን እያሰርኩ ነው። መንገዱ ያስፈራኛል፤ ዘይነባ «የኔ ልጅ» ባለች ቁጥርም አንጀቴ ያርራል። ይረር። ልጄ መሰላል የምታስደግፍበትን ግድግዳ ግን ሌላ ሰው በረገጠው ጭቃ አላስመርግም።