የጌይኖር ቤትና ሻይ የማታቀርበዋ አማካሪ

ጌይኖር ሳትክሊፍ እግሯን የረገጣትን ሰው ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት ናት። ለማጋነን ብዬ አይደለም፤ አውቶቡስ ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውዬው ረገጣት፣ እሷ "ይቅርታ" አለችው፣ እሱም "ምንም አይደል" ብሏት ወረደ።

በቶድሞርደን፣ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት፣ አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እሷ ድንች ትልጣለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ እኔ ሳህን አጥባለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የአረጋውያን መኖሪያ ሄዳ አንሶላ ታጥባለች። ባሏ ከሄደ ቆይቷል። ስለሱ አታወራም፣ እኔም አልጠይቅም። ከቦዩ ማዶ፣ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው በቆሙበት ዳገት ላይ፣ ቁጥር አሥራ አራት ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት በኪራይ ኖራለች። በሩን በየሁለት ዓመቱ በራሷ ገንዘብ ቀለም ትቀባው ነበር። አከራዩ እንዳይቀየማት ሁልጊዜ ያንኑ አረንጓዴ።

ብርዱ ሊያልቅ ሲል አከራይዋ፣ ሽማግሌው ግሪንዉድ፣ ሞቱ። ልጃቸው ሮጀር ደብዳቤ ጻፈላት። ቤቱን ሊሸጠው ነው፤ ዋጋው መቶ አሥራ ስምንት ሺህ ፓውንድ ነው። ቅድሚያውን ለእሷ ሰጥቷል፣ ግን የሚጠብቀው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፣ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት። ካልገዛች ለሌላ ይሸጣል፣ እሷም በሁለት ወር ውስጥ ትለቃለች።

እሷ በምትከፍለው ኪራይ እኛ ሸለቆ ውስጥ ሌላ ቤት የለም። መኪና የላትም። ከከተማው ወጣች ማለት ሁለቱንም ሥራ ለቀቀች ማለት ነው። እጇ ላይ ያለው ከእናቷ የወረሰችው ሃያ አንድ ሺህ ነው። የቀረውን መበደር አለባት፣ ሌላ መንገድ የለም።

መጀመሪያ ዋናው መንገድ ላይ ወዳለው ባንክ ሄደች። ወጣቷ ሠራተኛ ዕድሜዋን፣ ሃምሳ አራትን፣ አስገባች። ሁለቱን ሥራዎችም አስገባች። ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ጌይኖር ኮምፒውተሩንም ይቅርታ ሳትጠይቅ የወጣች አይመስለኝም። በዚህ ሁሉ ሁለት ሳምንት አለቀ።

ሰኞ ዕለት ቤቱን ለመሸጥ ወደያዙት ደላሎች ቢሮ ስትሄድ "ሊን፣ አብረሽኝ ተቀመጪ፣ ምንም አትናገሪ" አለችኝ። አለመናገር እችላለሁ። ሄድኩ።

በሩ ላይ ያለችው ልጅ ጌይኖር ዋጋ ልታቀርብ እንደመጣች ስትሰማ፣ "መጀመሪያ የኛን የብድር አማካሪ ማየት አለብዎት። እሱ ሳያይዎት ለባለቤቱ አናስተላልፍም" አለቻት። እኛ ደንቡ እንደዚያ ነው ብለን ተቀበልን። እኛ አገር ሰው ወረፋ ካየ ይሰለፋል፤ የምን ወረፋ እንደሆነ የሚጠይቀው ከተሰለፈ በኋላ ነው።

አማካሪው ክሬግ ይባላል። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፣ ጫማው ያበራል። ወንበር ሳበልን። ሻይ በጥሩ ስኒ አስመጣ፣ ቸኮሌት የተቀባ ብስኩት ጨመረ። ሻዩ ሲመጣ "ወይዘሮ ሳትክሊፍ" ቀረና "ጌይኖርዬ" ሆነች።

"ምንም አታስቢ ጌይኖርዬ" አላት። "እኔ ገበያውን በሙሉ ነው የምፈትሽልሽ። ይቺን ወረቀት ያዢያት፣ የተለመደችዋ ናት።"

እሷም ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ወረቀት የሰጠሽ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ማንበብ እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሰውየውን ሌባ ነህ እንደማለት ይቆጠራል። ያውም ሻዩን እየጠጡ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አበዳሪ ተገኘ። ወለዱ ስድስት ነጥብ አራት በመቶ። የአማካሪው ክፍያ አንድ ሺህ አራት መቶ ዘጠና አምስት ፓውንድ። በዚያ ላይ በየወሩ ሃምሳ ስምንት ፓውንድ የሕይወት ኢንሹራንስ።

"ኢንሹራንሱ የግድ ነው?" አለች ጌይኖር፣ ድምጿ እምብዛም ሳይሰማ።

"አንቺስ ለቤትሽ ዋስትና አትፈልጊም?" አለ ክሬግ። "ከሊድስ የመጡ ባልና ሚስት ዛሬ ጠዋት ቤቱን አይተዋል፣ ደስ ብሏቸዋል። ሐሙስ አሥር ሰዓት መጥተሽ ፈርሚ። ከዚያ ካለፈ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።"

ለሻዩ ሁለት ጊዜ አመስግናው ወጣን።

መንገድ ላይ "ደግ ልጅ ነው" አለች። ትንሽ ሄደች። "ወርኃዊው ክፍያ ግን ከደሞዜ ላይ ምን ያስተርፍልኛል?" ቆመች። ዝናብ ነበር።

በማግሥቱ፣ ልጆቹ በልተው ከወጡ በኋላ፣ ጌይኖር ደፈረች። ወጥ ቤት መሐል ቆማ፣ "የቤት ብድር የሚያማክር ደህና ሰው የምታውቅ አለች?" አለች። እዚህ ሴት የማሕፀን ቀዶ ጥገናዋን፣ የባሏን ስካር ለአሥር ሰው ታወራለች፤ የቤት ብድር ግን አይነሳም። አንዷ ወደ ድስቱ፣ አንዷ ወደ ጫማዋ አየች።

በመጨረሻ ጎመን ትከትፍ የነበረችው ቴሬዛ፣ "እኔ አንዲት ሴት አውቃለሁ" አለች። "አልወዳትም።"

"ምን አደረገችሽ?"

"ቤት ልገዛ ስሄድ አትግዢ አለችኝ። ቤቱን መርጬ፣ መጋረጃውን እንኳ አስቤ ነበር። ይሄ ክፍያ ይከብድሻል፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሥራ ብታጡ ትወድቂያለሽ ብላ መለሰችኝ።"

"ታዲያስ?"

"በዓመቱ ባሌ ቤሪ ከሥራ ተቀነሰ። ያን ቤት ገዝቼ ቢሆን ዛሬ ካንቺ ጋር ጎመን አልከትፍም፣ ቦዩ ዳር ድንኳን ውስጥ ነበርኩ።"

"እና አሁንም አትወጃትም?"

"አልወዳትም" አለች ቴሬዛ። "ትክክል የሆነ ሰው ማን ይወዳል?"

ሴትየዋ ናሂድ አስላም ትባላለች፣ ቢሮዋ ከቁልፍ ቀራጩ ሱቅ በላይ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ከሥራ ስወጣ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። አማካሪዎችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት የሚያወጣው መዝገብ አለ። ስሟን በሁለት ጣት ጻፍኩ፤ ሁለቴ ተሳሳትኩ፣ በሦስተኛው ወጣ። ፈቃዷ አለ፣ ክስ የለባትም። ለጌይኖር ነገርኳት፣ ለረቡዕ ቀጠሮ ያዘች።

የናሂድ ቢሮ ደረጃው ጠባብ ነው፤ ከሥር የቁልፉ ማሽን ይጮሃል። ሴትየዋ በዕድሜ እኛን ታክላለች፣ መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። አልሳቀችም።

"ሻይ አላቀርብም" አለች ከመቀመጣችን። "ሰው ሻይ ከጠጣ በኋላ እምቢ ማለት ያቅተዋል። ይሄን ወረቀት ያንብቡ።"

"ቤት ሄጄ አነበዋለሁ" አለች ጌይኖር።

"እዚሁ ያንብቡ። እጠብቃለሁ። ጓደኛዎም ያንብቡ።"

አነበብን። የእኔ ንባብ ቀስ ይላል፣ በጣቴ ካልተከተልኩ መስመር ይጠፋብኛል። ጌይኖር ጨርሳ ጠበቀችኝ። ናሂድ በመስኮቱ ውጪውን ታይ ነበር።

"ጨረሱ?"

"አንድ ገጽ ቀረኝ" አልኩ።

"ይጨርሱት።"

ወረቀቱ ስንት አበዳሪዎችን እንደምታይ፣ ማን እንደሚከፍላትና ስንት እንደሚከፍላት ይናገራል። ጨርሼ ቀና ስል ጌይኖር ቦርሳዋን ከፍታ የክሬግን ወረቀት አውጥታ ነበር። ያው ዓይነት ወረቀት ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ "የምንመክረው ከአራት አበዳሪዎች መካከል ብቻ ነው" ይላል። ጌይኖር ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ ቆየች። አንገቷ እየቀላ ወደ ላይ ወጣ።

"ገበያውን በሙሉ ነው ያለኝ" አለች።

"ብዙ ሰው ያምናቸዋል" አለች ናሂድ። "አሁን የእርስዎን እንይ።" ጌይኖር ዕድሜዋን፣ ሁለቱን ሥራና ያላትን ገንዘብ ነገረቻት። "ያልነገሩኝ ዕዳ አለ?"

ጌይኖር ወደኔ አየች፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው። "በካታሎግ የገዛሁት ማጠቢያ ማሽን ነበር። ሁለት ወር ሳልከፍል ቀርቻለሁ። እናቴ የታመመች ጊዜ።"

"ከፈሉት?"

"ከፈልኩት።"

ናሂድ መነጽሯን አድርጋ ጻፈች፣ ደመረች፣ ሰረዘች። ከሥር ማሽኑ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ጌይኖር እጄን ጨብጣ ነበር፣ እንዳላስተዋለችው ገባኝ።

"እኔ የማቀርብልዎት አበዳሪዎች ወይ እምቢ ይላሉ፣ ወይ ያስወድዱብዎታል" አለች ናሂድ። ጌይኖር "ይቅርታ" አለች። "ገና አልጨረስኩም" አለች ናሂድ። "ከገበያ አዳራሹ ፊት ለፊት ያለው ትንሹ የቁጠባና የቤት ብድር ማኅበር ማመልከቻውን በሰው ነው የሚያየው፣ በኮምፒውተር አይደለም። ሁለት ሥራ አያስፈራቸውም፣ ዕድሜዎንም እስከ ሰባ አምስት ይቀበላሉ። ነገ ጠዋት ራስዎ ይሂዱ። በእኔ በኩል አይቀበሉም።"

"ታዲያ እርስዎ ምን ያገኛሉ?"

"ከነሱ ምንም።"

"ለዛሬውስ ስንት ነው?"

"የመጀመሪያው ቀን በነጻ ነው፣ አንብበዋል እኮ።" ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። "ሌላም አለ። ደላላው የእሱን አማካሪ ካላዩ ዋጋዎን አላስተላልፍም ማለት አይችልም። ሕጉ አስተላልፍ ይለዋል። የባለቤቱ ስልክ አለዎት?"

"አለኝ፣ ግን ሰውየው አባቱ ሞቶበት፣ እኔ ደግሞ ማስቸገር…"

"ዛሬ ያስቸግሩት።"

ቦዩ ዳር ያለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ደወለች። አጠገቧ ነበርኩ፣ የሮጀር ድምፅ ይሰማኛል።

"ጌይኖር? ደላሎቹ መግዛት እንደማትችይ ሰኞ ነገሩኝ እኮ።"

ዓይኗን ጨፈነች። ሰኞ ሻዩን የጠጣንበት ቀን ነው።

"እችል ይሆናል" አለች። "ዋጋህን እከፍላለሁ። እስከ ዓርብ ያልከው አሁንም አለ?"

ዳክዬ አለፈች፣ ሌላ ዳክዬ አለፈች። "አለ" አለ በመጨረሻ። "ግን ወረቀት አሳይኝ። ከሊድስ የመጡት ሦስት ሺህ ጨምረዋል።"

ሐሙስ ጠዋት ከወጥ ቤቱ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ማኅበሩ ሄደች። እዚያ ያለችው ሴት ከማጠቢያ ማሽኑ ጀምራ ሁሉንም በእጇ ጻፈች። ስምንት ሰዓት ላይ ወረቀት ሰጠቻት፤ የቤቱ ግምት ከተስማማና ኮሚቴው ከፈቀደ እናበድራለን ይላል። ለሮጀር ላከችው። "እሺ፣ ላንቺ ይሁን፤ ግን ኮሚቴው እምቢ ካለ የሊድሶቹን እጠራለሁ" ብሎ መለሰ።

አሥር ሰዓት ላይ ክሬግ ዘንድ ሄድን። መሄድ አልነበረባትም፣ ስልክ ይበቃ ነበር። "ቀጠሮ ይዣለሁ፣ መቅረት ነውር ነው" አለች።

"ጌይኖርዬ፣ ሻይ ላስመጣ" አለ።

"ሻይ አልጠጣም" አለች።

ብስኩቱን ገፋ አደረገላት። አልነካችውም።

"አልፈርምም፣ ከቁጠባ ማኅበሩ እበደራለሁ። የሚያዩት አራት አበዳሪ ብቻ ነው፣ ለኔ ግን ገበያውን በሙሉ ብለው ነገሩኝ። ለሮጀርም አትችልም ብላችሁታል።"

ክሬግ ፈገግታው አልጠፋም፣ ግን ጠበበ። "አየሽ፣ እነዚያ ትንንሽ ማኅበሮች ደስ የሚል ወረቀት ይሰጣሉ፣ ኋላ ይመልሱሻል። ያኔ ወደኔ ብትመጪ በሩ ክፍት እንደሚሆን ቃል አልገባም።"

"ይሁን" አለች። ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ "ይቅርታ" ልትል አፏን ከፈተች፣ አየኋት። ዘጋችው።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ማኅበሩ የላከው የቤት ገማች መጥቶ ጣሪያውን አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገ፣ ምንም ሳይናገር ሄደ። ጌይኖር አሥራ ሁለት ቀን በደንብ አልበላችም። ክሬግ ልክ ቢሆንስ? ይሄን አልተናገርነውም፣ ግን ሁለታችንም እናስበው ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ስልክ ክልክል ነው፤ እሷ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ይዛው ነበር፣ ኃላፊዋም አይታ እንዳላየች አለፈች።

ማክሰኞ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ልጆቹ ተሰልፈው ሳለ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ጌይኖር በአንድ እጇ ጭልፋውን እንደያዘች ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ቴሬዛ መክተፏን አቆመች። ከፊቷ የቆመችው ትንሽ ልጅ ሳህኗን ዘርግታ ጠበቀች።

"አዎ" አለች ጌይኖር። "አዎ፣ እሷ ነኝ።" ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። "ገባኝ። አመሰግናለሁ።"

ስልኩን ኪሷ ከተተች። ለልጅቷ ድንቹን አወጣችላት፣ ቀጥሎ ላለውም አወጣች። ከአራተኛው ልጅ በኋላ ወደኔ ዞረች፤ ዓይኗ እርጥብ ነበር።

"ፈቀዱ" አለች። "ሃያ ዓመት ሰጥተውኛል። እስከ ሰባ አራት ዓመቴ ሽንኩርት ልከትፍ ነው ማለት ነው።"

"እኔ ደግሞ ሳህን" አልኳት።

"አንቺን ማን ያዘሽ" አለችኝ፣ እና ሳቀች፣ ሰልፉም ቀጠለ።