እንደ በሬ የተገዛ ሞተር

ሞተር ብስክሌት የገዛሁት በስተርጅና ነው። ይህን የሚሰማ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ሳቁን ሲጨርስ ደግሞ "ለመሆኑ ምን አስበው ነው?" ይለኛል። ያሰብኩት ላሞቼን ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሱሉልታ ተወልጄ፣ ሱሉልታ አርሼ፣ እዚያው አረጀሁ። መሬታችን ለልማት ተብሎ ሲወሰድ ቤቱና ትንሽ ጓሮ ቀረልን። ዛሬ ደጄ ላይ ቆሜ ስመለከት፣ ገብስ እዘራበት የነበረው ቦታ ላይ የማየው የመጋዘን አጥር ነው። የተሰጠንን ካሳ ልጆቼ ሥራ ጀመሩበት፤ ይባረኩ፣ በዚያ አልከፋኝም። የከፋኝ የላሞቹ ነገር ነው። ላም በአጥርና በአጥር መሀል አትኖርም። ስለዚህ ጫንጮ ወዳለችው ታናሽ እህቴ ወሰድኳቸው። ባሏ የሞተባት፣ ግን ግጦሽ ያላት ሴት ናት። ወገቧ ስለማይታጠፍላት ማለቡም፣ በረት መጥረጉም የእኔ ሆነ። ማለዳ በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ አልባለሁ፣ ወተቱን ይዤ ተመልሼ ለሱሉልታ ደንበኞቼ አድላለሁ። እንዲህ እያልኩ አሁንም ገበሬ ነኝ እል ነበር።

በኋላ ሚኒባሱ አስቸገረ። አንዳንድ ቀን ሞልቶ ያልፈኛል፤ አንዳንድ ቀን ካልሞላ አልሄድም ብሎ ፀሐይ ያወጣብኛል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይመጣም። እኔ አስፋልት ዳር ቆሜ ላሞቹ ጡታቸው ተወጥሮ እምቧ ይላሉ። ወተቱ እያረፈደ መጣ፣ ደንበኛውም አንድ በአንድ ወደ ሱቅ ወተት ዞረ። የመጀመሪያ ልጄ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣

"አባዬ፣ ይሄ ነገር እስከ ክረምት መግቢያ ካልተስተካከለ እንሸጣቸዋለን። አንተም እረፍ" አለኝ።

በእርጋታ ነው የተናገረው። ልጄ ጮሆ አያውቅም። ነገር ግን አደርጋለሁ ያለውን ያደርጋል።

ሞተር የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያወጣችው ባለቤቴ ናት፤ እሷም ለቀልድ ነበር። "እነዚህ ጎረምሶች እንቁላል ሳይቀር በሞተር ያመላልሱ የለም እንዴ? አንተም ግዛና ንፋስ ብላ!" አለችኝ። እሷ ስቃ ወደ ማጀት ገባች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ።

ሰበታ ያገባች ልጅ አለችኝ። እሷ ዘንድ ሰነበትኩና እዚያው ማሠልጠኛ ገባሁ። አሠልጣኙ ትዕግሥት ያለው ሰው ነበር። ቀለሟ የተላጠ፣ ዝቅ ያለች ሞተር ሰጠኝ። ስቀመጥባት ሁለቱም እግሮቼ መሬት ላይ ይተኛሉ። ስታጋድልብኝ በእግሬ እደግፋታለሁ፣ ስደነግጥ እግሬን አወርዳለሁ፣ ትቆማለች። ሜዳው ዳር ተራ የሚጠብቁት ወጣቶች "ፋዘር፣ ይንኩት! ፋዘር፣ መቶ ያስገቡ!" እያሉ ያበሽቁኛል። እኔም እየሳቅሁ በቀስታ እዞራለሁ። የተማርኩት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፤ የመንገድ ምልክቶቹን ልጄ ማታ ማታ እያስጠናችኝ ፈተናውን አለፍኩ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

ከዚያ መግዛቱ መጣ። አሁን የማወራው ይሄን ነው።

በእኛ አገር በሬ ለመግዛት ሰው ብቻውን ገበያ አይወጣም። ዓይን አለው የሚባል ሰው ይዞ ይሄዳል። ያ ሰው የበሬውን ጥርስ ያያል፣ ሻኛውን በእጁ ይጨብጣል፣ ሰኮናውን ያነሳል። በመጨረሻ ትከሻውን አስደግፎ ይገፋዋል። ተገፍቶ የተንገዳገደ በሬ ቀንበር አይችልም። ንቅንቅ ያላለው ይገዛል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያረስኩባቸውን በሬዎች በሙሉ የመረጠልኝ አብሮ አደግ ወዳጄ ነው። አንድም ጊዜ አሳፍሮኝ አያውቅም። ስለዚህ ሞተር ልገዛ ቡራዩ ስሄድ ይዤው ሄድኩ። እሱ በሞተር ከኋላ እንኳ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ነው። ግን ይህ ያን ጊዜ እንደ ጉድለት አልታየኝም።

ባለ ሱቁ ጎልማሳ ሙስሊም ነው። አባቱ ድሮ ሱሉልታ ገበያ ጨውና አቡጀዲ ይሸጥ ስለነበር እናውቀዋለን፤ ወደ እሱ የሄድነውም ለዚህ ነው። ገና ሲያየን ተነሥቶ ወንበር አመጣልን።

"እንኳን ደህና መጣችሁ፣ አባቶቼ። ሞተሩ ለማን ነው?"

"ለእኔ" አልኩት።

አልሳቀም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። "ነድተው ያውቃሉ?" አለኝ።

"ሰበታ ተምሬ መምጣቴ ነው።"

"እንግዲያው ለጀማሪ የምትሆነው ይቺ ናት" ብሎ አንዲት ዝቅ ያለች ሞተር ጎትቶ አወጣ። "ጉልበቷ መጠነኛ ነው፣ ክብደቷም ቀላል ነው። ይቀመጡባት እስኪ። ሁለቱም እግርዎ መሬት ይርገጥ።"

ተቀመጥኩ። የሰበታዋን ትመስላለች። ልቤ እዚያው ቀረ። ወዳጄ ግን መጣና በአንድ እጁ ገፋ ሲያደርጋት እኔን እንደ ጫነች ተወዛወዘች።

"ይቺማ ጥጃ ናት! ገና ጡት መቼ ተወች?" አለ። ከዚያ ሱቁን በዓይኑ ዞረና ጥግ ላይ የቆመ አንድ ረጅም ቀይ ሞተር አየ። ጎማው ወፍራም፣ ደረቱ ሰፊ። ጋቢውን ሰበሰበና ትከሻውን አስጠግቶ ገፋው። ሞተሩ ንቅንቅ አላለም። ዓይኑ በራ።

"ኩን ቆቲዮ ዳ!" አለኝ በኦሮምኛ፤ በሬ ማለት ይሄ ነው ማለቱ ነው።

"አባባ፣ ያኛው ለለመደ ሰው ነው" አለ ባለ ሱቁ። "ከባድ ነው፣ ረጅምም ነው። እግርዎ አይደርስም።"

ወጥቼ ተቀመጥኩበት። እውነቱን ነው፤ የጫማዬ ጫፍ ብቻ ሲሚንቶውን ይዳብሳል። ወዳጄ ይሄን አይቶ፣

"እና ምን አለበት? በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ መሬት ነክቶ ያውቃል? እግሩ መሬት የሚነካማ አህያ ላይ የተቀመጠ ነው!" ሲል ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለ ሱቁም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ያለቀው በዚያ ሳቅ መሀል ነው። ከዚያ ሁሉ ሳቅ በኋላ ወርጄ ጥጃዋን ስጡኝ የምልበት አፍ ከየት ይምጣ?

ባለ ሱቁ ግን ሳቁ በረድ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "አባባ፣ ሁለተኛውን ሲገዙ ትልቁን ይወስዳሉ። የመጀመሪያው ይቺ ትሁን" አለኝ። እኔ ደግሞ ጋቢያችንንና በጭቃ የተጨማለቀ ጫማችንን አይቶ አቅም የላቸውም ያለን መሰለኝ። "ትልቁን ጫንልን" አልኩት።

ወዳጄ ከቦዩ ዳር እርጥብ ሳር ነቅሎ መሪው ላይ አሰረና መረቀው። "ጉልበት ይስጥህ፣ ጌታህን ተሸክመህ ግባ፣ ተሸክመህ ውጣ" አለው። ሞተሩም በጭነት መኪና ተጭኖ ሱሉልታ ገባ። እኔ እየነዳሁት ከቡራዩ ለመውጣት ስላልደፈርኩ ነው። ያኔ እንኳ ባስተዋልኩ ጥሩ ነበር።

መንዳቱ አላቃተኝም፤ ይሄን ለሚስቁት ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ሲሄድ ጥሩ ነበር። ማለዳ ብርዱን እየሰነጠቅሁ እደርሳለሁ፣ ላሞቹ ድምፁን ለምደው ጆሯቸውን ያቆማሉ፣ ወተቱም ሳይረፍድ ይገባል። የሄዱት ደንበኞችም መመለስ ጀምረው ነበር። ልጄ አንድ እሑድ መጥቶ አየና የመሸጡን ነገር ሳያነሳ ሄደ። በልቤ ላሞቹ ተረፉ አልኩ።

ያስቸገረኝ መቆሙ ነበር። በቅሎ ስትቆም በአራት እግሯ ትቆማለች፤ ጌታዋ ቢያንቀላፋም አይወድቅም። ሞተር ሲቆም ግን የሚያቆመው ሰውዬው ነው። ይሄን ወዳጄም አላወቀ፣ እኔም ሰበታ በትንሿ ሞተር ላይ ሆኜ አላስተዋልኩትም፤ እግሬ ራሱ እያወቀ ይሠራው ነበርና። ስለዚህ ድንጋይ እየፈለግሁ መቆም ጀመርኩ። እህቴ በር ላይ አንድ ድንጋይ አለ፣ ወተት የማወርድበት ሱቅ ጋ አንድ አለ፣ ቤቴ ጋ ባለቤቴ ራሷ እየጎተተች አንድ አስቀመጠችልኝ። ጎማውን ወደ ድንጋዩ አስጠግቼ እግሬን አሳርፋለሁ። ድንጋይ የሌለበት ቦታ ላለመቆም ቀስ እያልኩ፣ ከሩቅ እየተመለከትኩ እነዳለሁ።

የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ከጣለ በኋላ አንድ ማለዳ፣ ሁለቱን የወተት ጀሪካን ከኋላዬ አስሬ ከእህቴ ቤት ስመለስ፣ ኮረኮንቹ ከአስፋልቱ የሚገናኝበት ዳገት ላይ ደረስኩ። አንድ ጭነት መኪና እየመጣ ነበርና ቆምኩ። ድንጋይ አልነበረም። ግራ እግሬን ሰደድኩት፣ መሬት አጣ። ሞተሩ ቀስ ብሎ አጋደለ። ቀስ ብሎ ነው፤ ላቆመው የምችል እየመሰለኝ ያዝኩት፣ ጭራሽ ከበደኝ። እኔን ከታች አድርጎ ተኛ። እየበረርኩ ብወድቅ አንድ ነገር ነው። እኔ የወደቅሁት ቆሜ ነው። መኪናው አለፈ፣ ወተቱ ከጭቃው ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቦዩ ወረደ። የሚያልፉ ሰዎች ሮጠው መጡ፤ ሞተሩን ከላዬ ለማንሳት ከእኔ የሚበረቱ ሰዎች ተረባርበው ነው የቻሉት። አንደኛው "አባባ፣ ይሄን ማን ገዛልዎ?" አለኝ። ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሯል።

ጄሶ ታስሬ ስተኛ ልጄ መጣ። ትራሴን አስተካከለልኝ፣ ውኃ ሰጠኝ። "አባዬ፣ ተነጋግረን ነበር አይደል?" አለኝ። አዎ ተነጋግረናል። ላሞቹን ደላላ ይዞ ሄዶ ጫንጮ ላይ ሸጣቸው። ሞተሩንም አንድ የሰንዳፋ ሰው ወሰደው፤ ሲቀመጥበት ሁለቱም ጉልበቱ ታጠፈ አሉ፣ ረጅም ሰው ነው።

ወዳጄም ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ጄሶዬን ዳበስ አደረገና፣ "ሞተሩ ምንም አላጠፋም፤ ያጠርከው አንተ ነህ" አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር። ሊያጽናናኝም ይሆናል። ሳቅ ግን አልመጣልኝም፤ እሱም ሳቅ አለመምጣቱን አይቶ ጋቢውን አጣፋና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ብቻ ነው የምናወራው።

ሰዉ እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ ሞተሩ ነው። ሽማግሌው ሞተር ገዝቶ ቆሞ ወደቀ ይላል። እውነት ነው፣ ወድቄያለሁ። ግን ላሞቼን ከደጄ ጫንጮ ድረስ ያሰደዳቸው ምን እንደሆነ የሚያነሳ አንድ ሰው አልሰማሁም። የመጋዘኑ አጥር እዚያው ቆሟል፤ እሱ ላይ ማንም አይስቅም።

ጄሶው ሲፈታልኝ በምርኩዝ ሚኒባስ ተሳፍሬ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ያን ቀን ሚኒባሱ ወዲያው ተገኘ። ምን ልሠራ እንደምሄድ ራሴን አልጠየቅሁም፣ እግሬ የለመደውን መንገድ ነው የያዘው። ድሮ እህቴ እኔ ስመጣ ከውስጥ ሆና "ባልዲው ታጥቧል!" ብላ ትጮህ ነበር እንጂ አትወጣም፤ እኔም ወደ በረቱ ነበር የማልፈው። ያን ቀን ግን በር ላይ ወጥታ ተቀበለችኝ። "ኖር፣ ጋሼ፣ ግባ" ብላ በርጩማው ላይ አጎዛ አነጠፈችልኝ፣ እጄን አስታጠበችኝ፣ እንጀራ አቀረበችልኝ። ወተት ከጎረቤት ልግዛልህ ወይ ስትለኝ ተይው አልኳት።

ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ በእህቴ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደማላውቅ ያወቅሁት ያኔ ነው። እንግዳ ሆኜ በላሁ፣ አመሰግናለሁ አልኳት፣ ሳይመሽብኝ ልሂድ ብዬም ተነሣሁ።