ግራ፣ ቀኝ፣ መንገድ

ልጄ የጆሮ ማዳመጫውን አዟዙሮ ሰክቶ አገኘሁት። «ኤል የተጻፈበት ሌፍት ነው፤ በግራህ አድርገው» አልኩት። ቃሏ ከአፌ ስትወጣ የጠመኔ ብናኝ ሸተተኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ሌፍትን በጤና ጠርቻት አላውቅም።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ካዛንቺስ። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሌፍትና ራይትን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፎ ግራና ቀኝ መሆናቸውን ያስተማረን ሰሞን ነው። እኔ ደግሞ ጉረኛ ነበርኩ፤ በቃ፣ የሰፈሩን ሕፃናት ሰብስቤ «ሌፍት! ራይት!» እያልኩ ሳሰልፍ መዋል ነው። አባቴ መንገድ ለሚሠራ የውጭ ድርጅት ሾፌር ሆኖ ክፍለ ሀገር ከሄደ መንፈቅ አልፎት፣ ወሬውም ጠፍቶ ነበር። እናቴ ለገሃር አካባቢ ወዳለው ቢሯቸው ስትመላለስ ከርማ አንድ ቀን ፖስታ ይዛ መጣች። ውስጡ ያለው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ነበር።

«በይ አንብቢልኝ፤ የምትማሪው ለዚህ አይደል?»

በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባው የከሰዓት ፀሐይ ወረቀቱ ላይ አርፎ ነበር። የማውቀውን ቃል ፈለግሁ። የአባቴን ስም አገኘሁ። ቀጥሎ ሌፍት፤ አጠገቧ ራይት፤ ከዚያ አዌይ። አዌይን «ዌይ» አደረግኋት፣ መንገድ። «ግራ ገባኝ» ብላት ምን ነበረበት! ግን አላውቅም ማለት ሞቴ ነበር።

«ግራ... ቀኝ... መንገድ» አልኩ። «እማዬ፣ መንገድ ላይ ነው! እየመጣ ነው!»

«እሰይ! መውለድ ደግ ነው!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ከግድግዳው ማዶ ላለችው ጎረቤታችን ጮኻ አበሰረቻት። የአባቴን ኮት ከሳጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ ሰቀለችው።

በማግስቱ ደብዳቤውን ለአስተማሪዬ ወሰድኩለት፤ ልመሰገን ነው እኮ! አነበበውና እንደገና ከላይ ጀመረ።

«ራይትና አዌይ አንድ ላይ ሲሆኑ ወዲያውኑ ማለት ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ሌፍትም እዚህ ጋ ግራ አይደለም፣ ሄደ ነው። ማለቴ... አባትሽ በፈቃዱ ሥራውን ለቆ ወዲያውኑ ሄዷል። የት እንደሄደ አያውቁም።»

ፊቴን አይቶ ደነገጠ መሰለኝ፣ «ሌፍት እኮ ብዙ ትርጉም አላት፤ የቀረም ትሆናለች» ብሎ ጨመረበት።

«ታዲያ አባቴ ሄደ ነው ወይስ ቀረ?»

ከጣቶቹ ላይ ጠመኔ ማራገፍ ጀመረ።

ቤት ስደርስ ኮቱ ነፋስ ላይ ይወዛወዝ ነበር። እናቴ የግቢው በር ላይ ቆማለች። ታክሲ በቆመ ቁጥር ግራዋን ታያለች፣ ደግሞ ቀኟን ታያለች። ያን መልመጃ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«እማዬ» አልኳት።

«ወይ፣ የኔ ልጅ» አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። ፈገግ ብላ ነበር።

«ምንም» አልኩ። ነገ እነግራታለሁ ብዬ አደርኩ፤ ነገ ደግሞ የራሱ ነገ ነበረው። ስንቴ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ! ኮቱን ብል በላው። እሷ ግን አመሻሽ ላይ በሩ ጋ መቆሟን አልተወችም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ አንደኛ የወጣሁ ዕለት፣ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች ካርዴን አሳየኋት። እያገላበጠች ካየችው በኋላ «መንገዱ ረዘመ፣ አይደል?» አለችኝ።

«ረዘመ፣ እማዬ» አልኳት። አጠገቧ ቆሜ እኔም አብሬያት ግራ ቀኙን ማየት ጀመርኩ።