የቀረችው ግድግዳ

ታላቅ ወንድሜ ካዞላውን፣ ያን የሲሚንቶ መለሰኛ ሲጨብጥ፣ ግድግዳው ራሱ ደስ የሚለው ይመስለኝ ነበር። መካነ ሰላም ላይ እሱን የሚያህል ልስን ሠሪ አልነበረም። ችግሩ ይህን የምናውቀው እኛ ብቻ አለመሆናችን ነው። አንድ ቀን ጂዳ ያለው የአክስታችን ልጅ ደወለና እዚያ ለእንዲህ ያለ እጅ ምን እንደሚከፈል ነገረው። ሄደ። ቀስ በቀስ እሱ ያስተማራቸውም፣ ያላስተማራቸውም ተከትለውት ሄዱ።

ከዚያ የሆነው እስካሁን ያስቀኛል፤ ያናድደኛልም። ገንዘብ መጣ። በየሰፈሩ ቆርቆሮው የሚያብለጨልጭ የብሎኬት ቤት ቆመ። ግን የሚለስነው ሰው የለም! ገንዘቡን የላኩት ራሳቸው ልስን ሠሪዎቹ ናቸዋ። ከደሴ ባለሙያ ለማስመጣት ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር የቀረን፤ እሱም የፈለገውን ዋጋ ጠርቶ "ለከርሞ" ይላል። የእኛም ቤት ብሎኬቱ እንዳገጠጠ ክረምቱ አለፈ።

እናቴን ያንገበገባት ግን ቤቱ አልነበረም። ወንድሜ ሲሄድ "ቤቱ ሲያልቅ እመጣለሁ" ብሏታል። ስለዚህ ያልተለሰነ ግድግዳ ባየች ቁጥር የሚታያት ልጇ ነው።

"እንግዲያው እኔ እለስነዋለሁ" አልኩ። ገበያ ጨርቅ ከመሸጥ በቀር የማውቀው ሙያ የለኝም። ወንድሜ በቪዲዮ "አንቺ?" ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ እልህ ይይዘኛል። ካዞላውን ከአልጋ ሥር አወጣሁ፣ ስልኩን ጆንያ ላይ አቆምኩና "በል አሳየኝ" አልኩት።

አሸዋውንና ሲሚንቶውን እንደነገረኝ አቡክቼ ገና እጄን ሳነሳ፣ ጎረቤታችን ሼሁ የወንድሜን ድምፅ ሰምተው ገቡ።

"አሰላሙ አለይኩም! ልጄ፣ አፊያ ነህ?"

"ወአለይኩም ሰላም አባባ! አልሃምዱሊላህ፣ አንቱስ አፊያ ነዎት?"

"አልሃምዱሊላህ። ሥራው ደህና? ሙቀቱስ? ጎረቤቶችህ ሁሉ ደህና ናቸው?"

የጂዳ ጎረቤቶቹን ከየት እንዳወቋቸው እንጃ። ከሼሁ በኋላ ባለቤታቸው ቀጠሉ፤ ከእሳቸው በኋላ ደግሞ ልጇ እዚያው ጂዳ የሚሠራ ሌላ ጎረቤት። ታላቅ ሰው ሰላምታ ላይ እያለ "ሲሚንቶው ደረቀ" ይባላል? አይባልም። በመጨረሻ ሼሁ ዱዓ አደረጉ። እኔ መዳፌን ዘርግቼ አሚን ስል፣ ሲሚንቶው ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ሆነ።

ወንድሜ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ሥርዓት አወጣች፤ ሰላምታ መጀመሪያ፣ የሲሚንቶው ውሃ በኋላ። ጠዋት ሰፈሩ ተሰብስቦ ይጠይቀዋል፣ የናፈቀው ያለቅሳል፣ ዱዓው ይደረጋል። ሁሉም ወጥቶለት ሲሄድ እኔ አቦካለሁ። የመጀመሪያው ግድግዳዬ እርጉዝ መሰለ። ቀጥሎ ያለው ትንሽ ተሻለ። ሳሎኑ ላይ ስደርስ ግን ወንድሜ አተኩሮ አየና "ይሄን ማን ሠራው?" አለ። ደስታዬን የት ላድርገው! ብዙም ሳይቆይ ሼሁ ራሳቸው ለቤታቸው ሊቀጥሩኝ መጡ።

አንድ ግድግዳ ብቻ ሲቀረን ወንድሜ ደወለ፣ በጣም ደስ ብሎታል።

"እማ፣ ቤቱ ካለቀማ ሐሳብ የለኝም። ውሌን ላድስና ትንሽ ልቆይ፤ ወፍጮ እንትከል።"

"ኢንሻአላህ" አለች እናቴ። ስልኩ ሲዘጋ ያልተለሰነችውን ግድግዳ በእጇ ዳበሰች።

በማግስቱ ካዞላውን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ።

"ተይው።"

"ለምን? የቀረን እኮ ይቺ ብቻ ናት!"

"ተይው አልኩሽ።"

ወንድሜ ሲደውል ስልኩን ወደ ብሎኬቱ አዞረችው። "ልጄ፣ አንዷ ግድግዳ ቀረች። እህትህን አቅቷታል" አለች፣ ፍንክች ሳትል።

አቅቷታል! ሰፈሩ የሚሻማኝን እኔን! መስኮት እንኳ የለባትም፤ ከሁሉም የምትቀለዋ ግድግዳ እሷ ናት። አፌን ልከፍት ስል እናቴ አየችኝ። እናቴ አዛዥ እንጂ ለማኝ አይደለችም፤ ያን ቀን ግን በዓይኗ ለመነችኝ።

"አዎ" አልኩ፣ "አቅቶኛል።"

ወንድሜ ያቺን ቀላል ግድግዳ አያት። ልስን ሠሪ እኮ ነው፤ ያውቃል።

"በሉ አትንኳት" አለ። "መጥቼ እኔው እለስናታለሁ።"

እናቴ ካዞላውን ከእጄ ተቀበለች፣ አጠበችና ከአልጋው ሥር መለሰችው።