ያለ ስብራት የተሳለው ጉልላት

ባለፈው ጥቅምት ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ ስጓዝ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት በስልኩ አንድ ምስል አሳየኝ። ከመሬት በታች ያለ ዓለት ነው፤ መሐሉ እንደ ጉልላት ያበጠ፣ ጫፉ በቀይ የደመቀ። «ነዳጁ እዚህ ነው ጋሼ፤ ደብቀውን ነው እንጂ» አለኝ።

ምስሉን አወቅሁት። የሠራሁት እኔ ነበርሁ።

በወጣትነቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የከርሰ ምድር ባለሙያ ሆኜ ሳለሁ፣ የትውልድ አገሬን ዓለት በኮምፒውተር የመሳሉ ሥራ ሲሰጠኝ የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አልክደውም። የዚያን ጊዜው ፕሮግራም ግን የተለካውን ነጥብ ከነጥብ ሲያያይዝ የተሰበረውን ዓለት ሁሉ እንደ ጨርቅ ወጥ አድርጎ ይዘረጋዋል፤ ስብራቱን ባለሙያው ራሱ ካላስገባለት አያውቀውም። መጀመሪያ ሳላስገባው ነዳጅ የሚያቁር የሚመስል ጉልላት ወጣ። ሳስገባው ግን ጉልላቱ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወገን ቁልቁል ወረደ፤ ነዳጅ ኖሮ ቢሆን እንኳ በስንጥቁ ሾልኮ አልቋል ማለት ነው። አለቃዬ የፊተኛውን አሳትሞ ለስብሰባ በትኖት ነበርና «ያንን መስመር ለጊዜው ተወው» አለኝ። አልተውሁትም። ሊጀመር የታሰበው የነዳጅ ቁፋሮ ቀረ፤ እኔም ከኮምፒውተሩ ክፍል ተነሥቼ ዳግም አልተመለስሁም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወደ ትውልድ ከተማዬ መካነ ሰላም ገባ። አባቴ ቁርአን የሚያቀሩ፣ የተከበሩ ሸህ ነበሩ፤ ጎረቤቱ «ያስቀረው ልጅዎ ነው አሉ» እያለ መንገድ ላይ ያቆማቸው ጀመር። ለዒድ ስመጣ ሰላምታዬን ተቀብለው ወደ ቁርአናቸው ተመለሱ። በማግሥቱ ከከተማው ዳር ወዳለው ገደል አፋፍ ወሰድኋቸው። ነጩ የኖራ ድንጋይ ከስንጥቁ ወዲህ ከፍ፣ ከስንጥቁ ወዲያ ዝቅ ብሎ እንደሚታይ በጣቴ አመለከትኋቸው። ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ እየዘገኑ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«አላህ የሰበረውን አየሁት» አሉ በመጨረሻ። «ግን ልጄ፣ አገሩ ሪዝቅ፣ ሲሳይ አገኘሁ ብሎ ሲደሰት፣ የለም የሚለው ያንተ አፍ መሆን ነበረበት?»

«ሌላ ሰው አላየውማ፣ አባ።»

«አይተህስ ዝም አትልም?»

ቆሏቸውን ዘገኑ፤ ለእኔ አላካፈሉኝም። እስኪሞቱ ድረስም ስለ ሥራዬ አንድ ቃል አልጠየቁኝም።

የወጣቱን ስልክ ተቀብዬ ስብራቱ የሚያልፍበትን መስመር በጣቴ ላሳየው ሞከርሁ። ጣቴ መስታወቱን ሲነካ ምስሉ ተንሸራትቶ ጠፋና የሠርግ ፎቶግራፍ መጣ። «አይንኩት ጋሼ፣ ያጠፉብኛል» አለኝ እየሳቀ፤ ጉልላቱንም መለሰው፤ እንደ ቀላ፣ እንደ ሞላ። ስብራት ያለበትን ሥዕል በስልኩ የያዘ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ወግዲ እስክንደርስ አፌን አልከፈትሁም። የአባቴን ቃል የፈጸምሁት ያን ቀን ነው።