እኅቴ ክኒኑን ያቋረጠችበት ሁለት ሱባኤ

እኅቴ በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ታስተምር ነበር። ከቀጨኔ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ብዙዎቹ ከሥራ በኋላ ይመጡላታል። ሕመሟ መጀመሪያ የታየው እዚያ ነው። ጠመኔ ስትይዝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ከኋላ ወንበር ሆነው፣

«መምህርት፣ ዛሬ ደግሞ ፊደሉን ብርድ መታው እንዴ?» አሏት።

ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ምን እንዳስለቀሳት ራሷም አላወቀችም።

እኔ ያኔ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ቤት ውስጥ ሦስት ነን፤ እማዬ፣ እሷና እኔ። ስድስት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። በዚያ ክረምት ከሁላችንም የበለጠ ትበላለች፤ ቀሚሷ ግን እየሰፋት ሄደ። በሐምሌ ብርድ ላብ ያጠምቃታል። ዓይኖቿ ፈጠጡ። እማዬ ለጎረቤት «ዓይነ ጥላ ነው» ትላለች። በልቧ ግን ልጄ አርግዛ እንዳይሆን ብላ ትፈራ እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ።

ሆስፒታል የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ አንገቷን ዳሰሰ፤ የልቧን ምት ቆጠረ።

«የወር አበባሽስ?» አላት።

እኔን አየችኝ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ከቀረ አራት ወሩ» አለች በቀስታ። «ግን እ... ማለቴ፣ እኔ ወንድ አላውቅም።»

«እሱን አላልኩሽም። ዕጢው ነው።»

አንገቷ ላይ ያለው ዕጢ ሆርሞን ከልክ በላይ እንደሚያመነጭ፣ ልቧን የሚያስሮጠውም የወር አበባዋን ያስቀረውም ያ እንደሆነ አስረዳን። ክኒን አዘዘላት። ስንወጣ እኔን ወደ ኋላ አስቀርቶ፣ «ቢሻላትም አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጥ። አደራ» አለኝ።

ተሻላት። በሁለት ወር ውስጥ እጇ ረጋ። ስለ ሆርሞን ከባዮሎጂ ደብተሬ ሳነብላት፣ «እሺ፣ ጓድ ዶክተር!» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

እማዬ ግን ተስላ ነበር። ልጄ ከተሻላት ሁለት ሱባኤ ጸበል አስጠምቃታለሁ ብላ። ስለቷን ልታደርስ ተነሣች።

«ጸበልና ክኒን አብሮ አይሄድም» አለች። «እምነት ማጉደል ነው።»

ጸበሉ ወዳለበት ወደ እንጦጦ ግርጌ ልንወጣ ስንል እትዬ ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

«ላንተ ሐኪሙ ምን አለህ? ባቆመው ችግር አለው?»

እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማለች። ከእሷ ጋር መከራከር ፈራሁ። ደግሞ... እትዬ ደኅና ነበረች። ጉንጯ ሞልቶ ነበር።

«ሁለት ሳምንት ምንም አይልም» አልኳት።

ክኒኑን አውጥታ ሰጠችኝ። ለእማዬ ሰጠሁት።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። የልቧ ምት በልብሷ ላይ ይታያል። ትቃዣለች። ጸበልተኞቹ «አይዟችሁ፣ እየለቀቃት ነው» አሉን። እኛም አምነን ቆየን። በማግሥቱ በቃሬዛ እስከ ዊንጌት አስፋልት አወረድናት፤ ከዚያ በታክሲ ወደ ሆስፒታል። ያው ሐኪም ነበር። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መቼ አቋረጠች?»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አረፈች።

አርባዋ ከወጣ በኋላ እማዬ ልብሶቿን እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ሐኪሙ እንዳታቋርጥ ብሎህ ነበር?»

«አዎ።»

የምታጣጥፈው እጇ ቆመ።

«እኔን ፈርተህ ነው ያልተናገርከው?»

አዎ ልላት ነበር። ግን እትዬ ካረፈች ወዲህ ፊቷ ምን እንደሆነ አያለሁ። በቃ፣ አልቻልኩም።

«አይደለም። የዳነች መስሎኝ ነው» አልኳት።

አላመነችኝም። እትዬ ግን አምናኝ ነበር።