ሞቅ ያለ ውሃ ለአባቴ ወገብ

አባቴ ስቶክሆልም በመጡበት በመጀመሪያው የብርድ ወራት እሁድ እሁድ ያስቀደሱት ከደጅ ቆመው ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። ያኔ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረን ከስዊድኖቹ በውሰት ባገኘነው ቤተ ክርስቲያን፣ እነሱ ለጸሎት ሳይመጡ በማለዳ እንቀድስ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ሙቀቱ እየተጣደፈ ሲገባ፣ አባቴ ከበሩ በስተግራ ያጣጠፉትን ካርቶን ከብብታቸው አውጥተው ድንጋዩ ላይ ያነጥፉና እሱ ላይ ይቆማሉ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ንቅንቅ አይሉም።

እኔ ምክንያቱን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። የሉተራኖች ቤት ነው ብለው ንቀው ነው አልኩ። ያ ሁሉ ሰው የሚጸልይበትን ቤት እሳቸው ብቻ ሲጠየፉት ታየኝ። ሰዉ "አባትሽ ምነው?" እያለ በጠየቀኝ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። አንድ እሁድ በረዶ ትከሻቸው ላይ ተቆልሎ ሳገኛቸው ትዕግሥቴ አለቀና፣ "አባባ፣ እርስዎ ሲኮሩ የማፍረው እኔ ነኝ" አልኳቸው። በሕይወቴ አባቴን እንዲያ ተናግሬ አላውቅም። እሳቸው ባርኔጣቸውን አራገፉ፣ ካርቶኑን አጣጠፉ፣ ወደ ምድር ባቡሩ፣ ወደ ቱኔልባናው፣ መንገድ ጀመሩ።

እኔም እንደ ማንኛዋም ሴት በየወሩ የማልገባበት እሁድ ነበረኝ። ያን ቀን አጠገባቸው እቆማለሁ። ለምን አልገባሽም ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ትንሽ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁልኛል እንጂ።

ሥራዬ ሄምቼንስት ነበር። ሶደርማልም ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ አስውጣለሁ። የሰው ገላ አያስደነግጠኝም። አንድ ሽማግሌ ሆዱ እንደደረቀ ገና ፊቱን አይቼ አውቃለሁ እያልኩ ለባልደረቦቼ ጉራዬን እነዛ ነበር። ሥራ ውዬ ብሬዴንግ ወዳለው ቤቴ ስመለስ ግን የገዛ አባቴ ወንበር ላይ በአንድ ጎናቸው ሲቀመጡ እያየሁ አላየሁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደሴ ውስጥ ከልብስ ስፌት መኪና ፊት ተቀምጠው የኖሩ ሰው ናቸው። ምን ሆኑ ስላቸው "ወገቤን ነው" አሉኝ፤ አመንኩ።

ሌላም ነገር ነበር። የሕንፃው ማጠቢያ ክፍል ከነመኪናው ቁጭ ብሎ፣ እሳቸው መታጠቢያ ቤቱን ዘግተው የውስጥ ልብሳቸውን በእጃቸው ያጥባሉ። ይህንንም ተቀየምኩ። ልጅ የሌላቸው ይመስል እያልኩ አጉረመረምኩ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። አስተርጓሚ እንመድብ ሲባሉ የአገር ሰው ይሆን ወይ ብለው ጠየቁና፣ አዎ ሲባሉ አልፈልግም አሉ። ስለዚህ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ሐኪሟ ሌላ የሚያስቸግራቸው ነገር እንዳለ ጠየቀች። አስተረጎምኩ። አባቴ ወለሉን እያዩ የለም አሉ። ወገባቸው ራጅ ተነሳ፤ ምንም አልተገኘበትም። የተሰጣቸው ማስታገሻ ደግሞ ሆድ የሚያደርቅ ዓይነት ነበር፤ ለችግሩ ቤንዚን ሆነለት።

ከምረዳቸው ሰዎች አንዷ በወጣትነቷ ሕንድ አገር የኖረች አሮጊት ነበረች። በየማክሰኞው ደግፌ ወደ አንድ ሕንዳዊ እወስዳታለሁ። ሰውየው ጎልማሳ ነው፤ እዚያው ሶደርማልም ባለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ አዩርቬዳ በሚሉት የአገሩ ጥንታዊ ሕክምና ይሠራል። የአሮጊቷን ጉልበት በሞቀ ዘይት ሲያሽላት ፊቷ ይፈታል። እኔ በእንዲህ ያለ ነገር ብዙም አላምንም። ቢሆንም ማሸት ለወገብ ክፋት የለውም ብዬ አባቴን ወሰድኳቸው።

ሕንዱ መጀመሪያ ያየው ወገባቸውን አልነበረም። እንዴት እንደተቀመጡ አየ። ከዚያ በሦስት ጣቱ የእጃቸውን የደም ሥር ዳስሶ ብዙ ቆየ፤ ምላሳቸውን አየ፤ ምን እንደሚበሉ በስዊድንኛ ጠየቀኝ። ትንሽ ነው የሚበሉት፣ ያለ ሚጥሚጣ አይጥማቸውም፣ ውሃ የሚጠጡት በስንት ልመና ነው አልኩት። ተናግሬ ሳልጨርስ እንድወጣ ጠየቀኝ። ታዲያ ማን ሊያስተረጉም ነው ብዬ ብጠይቀው፣ እኔና አባትሽ መላ አናጣም አለኝ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አንድ ቃል የማይግባቡ ሁለት ሰዎች ምን ይነጋገራሉ? መሀል ላይ የአባቴን ሳቅ ሰማሁ። ስዊድን ከመጡ ስቀው አያውቁም። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ።

ሲወጡ አባቴ የታሸገ ፖስታ ይዘዋል። ለእኔ የተሰጠኝ የምግብና የእንክብካቤ ዝርዝር ብቻ ነው። ሕንዱ እስከ በሩ ሸኘንና እንዲህ አለኝ፦ "የእኔ ሥራ መደገፍ ነው። ማከም የሐኪም ነው። ፖስታውን በዚህ ሳምንት ለሐኪም ይስጡት፤ አንቺ አትክፈቺው።"

ዝርዝሩን ቱኔልባናው ውስጥ አነበብኩት። የአንድ ዘር ገለባ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ከሦስት ፍሬዎች የተፈጨ ዱቄት ከመኝታ በፊት በሞቀ ውሃ ይወሰዳል። ሚጥሚጣ ይቀራል፤ ቅቤ በልኩ ይፈቀዳል፤ አሬራ ከከሙን ጋር ጥሩ ነው። የመጨረሻው መስመር ጠዋትና ማታ ሞቅ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ መቀመጥ ይላል።

ለወገብ ማንም ሳፋ ውስጥ አይቀመጥም። ስንቱን ሰው ሳፋ ላይ ያስቀመጥኩ ሴት ነኝ። ኪንታሮት ነው። በእጅ የታጠበው ልብስ ደግሞ ደም አለ ማለት ነው። ግን ኪንታሮት ነው እያሉ ቆይተው ሌላ ነገር የተገኘባቸው ሁለት ሽማግሌዎች በእጄ አልፈዋል። አጠገቤ በአንድ ጎናቸው የተቀመጡትን አባቴን አየሁ። "ለወገብዎ ጥሩ ነው ተብሏል" አልኳቸው። "እንዲያ ነው" አሉኝ። ተከባብረን ተዋሸን።

ሳፋውን ከሃሉንዳ ገበያ ገዛሁ። የውሃውን ሙቀት በክርኔ እለካለሁ፣ ሳፋውን መታጠቢያ ቤት አስቀምጬ እወጣለሁ፣ እንዳይሳቀቁ ብዬ የወጥ ቤቱን ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ። ገለባውን በጥብጬ ስሰጣቸው ውሃው ሲዝለገለግ አይተው "ይሄማ ተልባችን ነው" አሉ። የስዊድኖቹን እርጎ በውሃ አቅጥኜ፣ ጨውና ከሙን ነስንሼ አሬራ አደረግሁላቸው። ቅቤ እንዳልተከለከለ ሲሰሙ ሕንዱ ያለ ጥርጥር የአገራችን ሰው ነው ብለው ፈረዱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሆዳቸው ለሰለሰ፤ ወንበር ላይም ደልደል ብለው መቀመጥ ጀመሩ።

እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ፖስታውን ለሐኪሟ ሲሰጡ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። ከዚያ ሆስፒታል ሄደው አንጀታቸው በካሜራ ታየ፤ ያን ጊዜም ኮሪደር ላይ ነበርኩ። ቀጥሎ ውጤቱን መጠበቅ ሆነ። ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴን ደግሞ ለእሳቸው መንገር አልችልም፤ የማውቀው ነገር የለማ!

ደብዳቤው መጣ። አባቴ ስዊድንኛ አያነቡም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

"አንብቢው። ከዚያ ለእኔ የሚበቃኝን ብቻ ንገሪኝ።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ካንሰር የለም። የሚደማው ኪንታሮት ነው፤ በትንሽ ላስቲክ ይታሰራል፤ ሞቅ ያለ ውሃውና ገለባው ይቀጥል ይላል።

"ክፉ ነገር የለም" አልኳቸው።

"ወገቤስ?"

"ወገብዎም ደህና ነው አባባ።"

ወጥ ቤት ገብቼ ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁ። በዚህ ጊዜ የከፈትኩት ለራሴ ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ፣ ላስቲኩ ከታሰረ ከወር በላይ ሆኖት፣ አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደረስን። ያ እሁድ የእኔ ነበርና እንደ ልማዴ ወደ ግራው ጥግ ታጠፍኩ። አባቴ ተከትለውኝ መጥተው ካርቶኑን ከብብታቸው አወጡ። ድንጋዩ ላይ አነጠፉት፤ ግን አልቆሙበትም።

"እኔ ዛሬ እገባለሁ" አሉኝ። "ደሙ ከቆመ ሰነባበተ። የሚደማ ሰው አይገባም ብዬ ነው እንጂ፣ ልጄ፣ ቤቱን ንቄ አይደለም።"

በየወሩ በዚያው ምክንያት እዚያው ቦታ አጠገባቸው ስቆም ከርሜ፣ ከሰው ሁሉ እኔ ነበርኩ ሊገባኝ የሚገባው። እሳቸው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም። እኔ ደግሞ ኩሩ አልኳቸው። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ቃል ስፈልግ ቀደሙኝ።

"ቁሚበት" አሉኝ ካርቶኑን እያሳዩኝ። "ድንጋዩ ገና አልሞቀም።"

ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ካርቶኑ ላይ የጫማቸው ቅርጽ ታትሞ ቀርቷል። እዚያው ላይ ቆሜ ቅዳሴውን አስቀደስኩ።